የአባቴ ግራ እጅና የሞተሩ ፍሪሲዮን

አባቴ ከስትሮኩ ሲነሳ እግሩ ቶሎ ተመለሰለት፤ ግራ እጁ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ብርጭቆ ያነሳል፣ በር ይከፍታል፤ ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ ግን አቃተው። ሞተር ላይ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር በግራ እጅ የሚጨበጠው ደግሞ የፍሪሲዮኑ መያዣ ነው።

ሞተሩ ቀይ፣ ባለ አራት ጎማ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው። አባቴ እሽቅድምድም አያውቅም። ጀልዴሳ ካለችው የሽንኩርት ማሳውና ከፍየሎቹ ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ከታመመ ወዲህ ሞተሩ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። እናቴ ይሸጥ ትላለች። ባጃጅ ነጂው ጎረቤታችንም ባለፈ ቁጥር አንገቱን በበሩ ያስገባል።

«አቦ ሽጥልኝ እንጂ። ዶሮ ልታስፈለፍልበት ነው?»

«ዶሮዋ ካንተ ባጃጅ ትሻላለች፤ ቢያንስ ዳገት ትወጣለች» ይለዋል አባቴ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ወንበሩን ሞተሩ አጠገብ አስቀመጠና፣ «አንቺ ሥሪው፣ እኔ እነግርሻለሁ። መጨበጥ ከቻልኩ እሄድበታለሁ፤ ካልቻልኩ ባለባጃጁ ሰኞ ይውሰደው» አለኝ።

ካርቡራተሩን ፈታሁ። ለወራት የተኛው ቤንዚን ታች ደርቆ የማር ቀለም ይዟል። ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የናስ ቁራጭ አውጥቼ ወደ ፀሐይ ብይዛት መሃሏ ላይ ያለችው ቀዳዳ ብርሃን አታሳልፍም። በሽቦ ልወጋት ስል «ተይ፣ ታሰፊያታለሽ» አለ። ከአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንድ ፀጉር ነቅዬ፣ ቤንዚን እያስነካሁ፣ ነጥብ የምታህል ሰማይ እስክትታየኝ ጠረግኳት። መልሼ ስገጥመው ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ፤ የቤንዚን መስጫውን ሳልነካውም ሳይጠፋ ቆየ።

ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ። ሞተሩ ጎን ላይ ገመዱ የሚስበው አጭር ብረት አለ፤ አባቴ ክንዱ ይለዋል። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው ክንዱን ከሚሰካበት አንድ ጥርስ አሳልፎ ገጥሞት ስለነበር ለጤነኛ እጅም ይከብድ ነበር። ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ያደረግኩትን ግን ለአባቴ አልነገርኩትም። መያዣው ሲሳብ መጀመሪያ ላይ ባዶውን የሚሄድባት ትንሽ ክፍተት አለች። ጣቶቹ ለምን በከንቱ ይድከሙ ብዬ ገመዱን ወጠርኩና አጠፋኋት።

ሠፈራችን አጠገብ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ነዳሁት፤ አባቴ በእግሩ ተከተለኝ። ሜዳው ላይ ደህና ሄዶ ነበር፤ አሸዋው ውስጥ ስገባ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አባቴ ደርሶ ሞተሩን አስጠፋኝና ገመዱን በአውራ ጣቱ ጫን አለው።

«ክፍተቱን የት አደረስሽው?»

መያዣውን ስቤ አሳየሁት፤ ባዶውን የሚሄድባት ክፍተት የለችም።

«ለኔ ብለሽ ነው?»

«እንዳይደክምህ ብዬ።»

«የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ተጣብቀው ካልያዙ እንዴት ይሄዳል? የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ሞተሩን ለምን ታሳምሚዋለሽ?»

አልተቆጣም። ከኪሱ ክብሪት አወጣና አንዷን እንጨት መያዣው ሥር ባለው ክፍተት ላይ ያዘልኝ። «ይህችን ያህል ተይለት።» እንጨቷ ሳትጨነቅ እስክትገባ ድረስ ገመዱን አላላሁ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጥላ ውስጥ ተቀመጥን። ከዚያ ሄልሜቱን አጠለቀና ሞተሩ ላይ ወጣ። ጣቶቹ መያዣው ላይ አንድ በአንድ ታጠፉ። ላግዘው የዘረጋሁትን እጄን መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ከንፈሩን ነክሶ ሳበው። ሲለቅ ጣቶቹ ቀስ እያሉ ነው የሚዘረጉት፤ ስለዚህ ሞተሩ እኔ አንድም ቀን አስነስቼው በማላውቀው ልስላሴ ተንቀሳቀሰ።

በአንደኛ ማርሽ ግን ጀልዴሳ አይደረስም። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ድምፁ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ተቋረጠ። ከዚያ ወፈር ብሎ ቀጠለ። ሁለተኛ ገብቷል። ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛም ገባ።

ዞሮ መጣና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ለምሳ እንደማልደርስ ለእናትሽ ንገሪያት» ብሎኝ ወደ ጀልዴሳ መንገድ ወጣ።

መንገዱን ሁሉ ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደማለሰልሰው ሳስብ ሄድኩ። ስገባ ግን እሱ እንዳለው ነገርኳት። የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች።

«ሄልሜት አድርጓል?»

«አድርጓል።»

«ውሃስ ይዟል?»

ውሃ መያዙን አላየሁም ነበር። ድንቿን መልሳ አነሳች።

«እንግዲህ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል» አለች።