የጋቢናው ምስክር

ልዑልሰገድ ሰውን በሚኒባሱ ውስጥ በሚያስቀምጥበት ቦታ ነበር የሚመዝነው። ከአዳማ ዱከም የፋብሪካ ሠራተኛ ሲያመላልስ የኋላውን ወንበር ለሚያንቀላፉት፣ የመሀሉን ለወሬኞቹ ይተወዋል። ጋቢናው ግን ለተከበረ ሰው ነው፤ የተከበረ ሰው ማለት ደግሞ ለሱ የተማረ ሰው ነው። እሱ ራሱ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ለተማረ ያለው አክብሮት ልክ አልነበረውም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሰው ያናድድ ነበር።

በዚያን ሰሞን የጋቢናው ደንበኛ ጫምሳ የሚባል ወጣት ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ይመጣል። ተሳፋሪው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል። ፋብሪካው ውስጥ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው ግን የለም፤ ሸሚዝ የተኮሰን ሰው ማን ይጠይቃል?

የልዑልሰገድ ልጅ እንቁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ስታልፍ ሰፈሩ ጉድ አለ፤ ከትምህርት ቤቷ ያለፉት ጥቂት ነበሩና። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መማር የቆየ ምኞቷ ነው። ምደባው ሲወጣ ግን ሩቅ አገር ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። መንገዱ ያኔ ደህና አልነበረም። ልዑልሰገድ ሹፌር ስለሆነ ክፉ ወሬ መነኻሪያ ላይ ቀድሞ ይደርሰዋል፤ የተቃጠለውን መኪና፣ የታገተውን ተሳፋሪ ሁሉ ሰምቷል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ያለችው እሷ ብቻ ናት። አልልክሽም አላት። አለቀሰች፣ ዘመድ አስለመነችው፣ አኮረፈችው፤ እምቢ እንዳለ ቀረ።

አዳማ ውስጥ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች ነበሩ፤ ደህናው ግን በሹፌር ገቢ የሚቀመስ አልሆነም። አቅሙ የፈቀደለት፣ ከሱቆች በላይ ሁለት ፎቅ ተከራይቶ የሚያስተምረው ኮሌጅ ብቻ ነው። እንቁ ላብራቶሪ እንዳለው፣ ከተማሪዎቹ ስንቱ የመውጫ ፈተናውን እንደሚያልፍ እናጣራ ብላ ለመነችው። እሱም አጣራ፤ ያጣራው ግን እንደለመደው ነው። አንድ ጠዋት መኪናው ጢም ብሎ ሞጆን ሲያልፉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጫምሳን የት እንደተማረ ጠየቀው። ጫምሳ ያንኑ ኮሌጅ ጠራ። ጥሩ ነው ወይ ሲለው ወጣቱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ «ጥሩ ነው ጋሼ፤ እኔን አያዩኝም?» አለው። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ልዑልሰገድ ዱከም ሳይደርስ ነገሩን ቆርጦ ጨረሰው።

እንቁ ለፍታ ያገኘችውን ቦታ ትታ ኮሌጁ ገባች። የተተወ ምደባ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ሦስተኛ ዓመቷን በጀመረችበት ወቅት ነው። አንዲት ሠራተኛ ስልኳን ወንበር ላይ ረስታ ወረደች። ልዑልሰገድ ሌላ ጊዜ አስፋልቱ ላይ አራግፎ ይመለስ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ስልኩን ሊያደርስላት እስከ ፋብሪካው መጋዘን ዘለቀ። እዚያ ጫምሳን አየው። ቱታ ለብሶ፣ ላቡ በጀርባው ወርዶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ካርቶን መኪና ላይ ይጭናል። ዐይን ለዐይን ሲጋጠሙ ካርቶኑን አስቀምጦ መጣ።

«የመውጫ ፈተናውን አላለፍኩም ጋሼ» አለው፣ ሳይጠየቅ። «ደጋግሜ ተፈትኛለሁ። ከክፍላችን ያለፈ የለም። ዲግሪ የለኝም።»

«ታዲያ እኔ ስጠይቅህ?»

«ሰው ሁሉ እየሰማ እኮ ነው የጠየቁኝ። ለብቻዬ ጠይቀውኝ ቢሆን እነግርዎት ነበር።»

ልዑልሰገድ ሊሰድበው ፈለገ፤ ግን ስልኩን ለባለቤቷ እንዲያደርስ ሰጥቶት ወጣ። ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ እያሰበ ነዳ። ልጄን ከሞት አዳንኩ እያለ ስንት ጊዜ ለሰው አውርቷል! ያዳናት ከመንገዱ ነው፤ ኮሌጁ ውስጥ የጣላት ግን ራሱ ነው። ፈተና ያለፈች ልጅ፣ ራሷ እናጣራ እያለችው፣ የሷን ቃል ትቶ የጋቢና ሰው አመነ። ዛሬውኑ እነግራታለሁ፣ ይቅርታም እለምናታለሁ፣ ከዚያ የምናደርገውን አብረን እናያለን ብሎ ወሰነ።

ቤቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ሸዋወርቅ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እንቁም ቦርሳዋን እንዳነገተች አጠገቧ አለች። ሸዋወርቅ ልጇን ኮሌጅ ልታስገባ መሆኑን፣ እንቁን ብትጠይቃት አባቴን ጠይቂው እንዳለቻት ነገረችው።

«ለፍታችሁ ያያችሁት እናንተ ናችሁ። እኔም ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ የወር ገቢዬን ታውቀዋለህ። የእንቁ ኮሌጅ እንዴት ነው፣ ልዑሌ?»

እንቁ ዐይኗን ከአባቷ አልነቀለችም። መናገር ነበረበት፤ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ሲለማመደው ነው የመጣው። ነገር ግን በጎረቤት ፊት፣ ልጁ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ፣ የእስካሁኑ ልፋቷ ከንቱ ነው ብሎ ከአንደበቱ ማውጣት አቃተው።

«ጥሩ ነው» አለ።

ሸዋወርቅ አገላብጣ መረቀችው። ጠዋት ልጇን ይዛ ኮሌጁ እንደምትሄድ ነግራቸው ተለየቻቸው።

«አባዬ፣» አለች እንቁ፣ ቀስ ብላ። «ኮሌጁ እንደማይረባ እኔ ብነግራት ምቀኝነት ይመስልብኛል ብዬ እኮ ነው ላንተ የተውኩልህ።»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ልዑልሰገድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሸዋወርቅ ገና ብዙ አልራቀችም ነበር፤ ቢጠራት ትሰማው ነበር። አልጠራትም።