ኮፊ የየትኛው ቀን ልጅ ነው?

ጽጌሬዳን አውቃታለሁ የሚል በሐዋሳ ብዙ ነው። እኔን ኩማን ግን ማንም አይደርስብኝም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ነገር በመያዝ ግን ከተማሩት ብዙዎቹን አስከነዳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋሪ ነዳሁ። በደርግ ነዳሁ፣ ኢሕአዴግ ገባ ነዳሁ፣ በኋላ ባጃጅ መጥቶ ነው ከአስፋልት ያወረደኝ። ፈረሴ ቡላ ከፒያሳ ቡሹሎ ድረስ ልጓም ሳልስብ ይሄዳል። አንድ ጊዜማ እኔ አንቀላፍቼ ራሱ ሰው አድርሶ... እሱ ይቆይ፣ ስለ ጽጌሬዳ ነው የምነግራችሁ።

ጽጌሬዳ ፒያሳ አንድ ስልክ ማስደወያ ቤት ትሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት የማደርሳት እኔ ነኝ። ያኔ ሞባይል ያለው ሰው የተቆጠረ ነው፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው እሷ ጋ ይመጣል፣ ቁጥሩን ትመታለታለች። በየእሁዱ ደግሞ አንድ ረጅም ሰውዬ ይመጣል፤ ኮጆ ይባላል፣ ከጋና የመጣ የሒሳብ አስተማሪ። እናቱ ጋ ነው የሚደውለው። መስመሩ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ መሃል ወሬ ጀመሩ። ስልኩ ደህና ቢሠራ ኖሮ አይጋቡም ነበር እላለሁ እኔ።

አንድ ቀን ሁለቱንም ጋሪዬ ላይ ጭኜ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። አማርኛውን ለምዷል፤ ሰኞ የተወለደ ወንድ ማለት ነው አለኝ። እነሱ ዘንድ፣ አካን ነው የሚባሉት፣ ነፍስ ቀኗን ይዛ ነው የምትመጣው። አርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ቅዳሜ ከሆነ ኳሜ፤ ሴቶቹም የየቀናቸው ስም አላቸው። አባት ሌላ ስም ይጨምርለታል፣ የቀኑን ስም ግን ማንም አይመርጥም። እኔ የተወለድኩበትን ቀን ስለማላውቅ እናንተ አገር ብሄድ ምን ብላችሁ ልትጠሩኝ ነው ብዬ አሳቅኋቸው።

የኮጆ እናት ግን ጋብቻውን አልወደደችውም፤ ልጄን ሰው አገር አስቀሩብኝ ብላ። ጽጌሬዳ የእነሱን ሰላምታ አጥንታ በየእሁዱ መስመሩን ስታገናኝ ታቀርብላታለች። ከዚያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ!

ምጥ ሲይዛት ኮጆ ለፈተና እርማት አዲስ አበባ ሄዷል። ጎረቤት በሌሊት ማንን ይቀሰቅሳል? እኔን ነዋ። ሐኪም ቤት አደረስኳት፤ ወንድ ወለደች። ሲነጋ ለኮጆ አርብ ሌሊት ተገላገለች ተብሎ ተደወለለት። እሱም በደስታ ብዛት ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ለእናቱ ኮፊ ተወለደ አላት። የሞተው ባሏ ስሙ ኮፊ ነበር። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ የባሌ ስም ቤቴ ተመለሰ አለች። ሰኞ ዕለት ራሷ ስልክ ቤቱ ደውላ ጽጌሬዳን ጠራች። እዚያ ያሉት በተሰባበረ እንግሊዝኛ አራስ ናት ሲሏት፣ እንግዲያው «ልጄ» ብላሻለች በሉልኝ አለች። ጽጌሬዳ ይህን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደበራ ያየሁት እኔ ነኝ፣ መልእክቱን ያደረስኩት እኔ ነኛ!

ማክሰኞ ኮጆ መጣ። ልጠይቃቸው ሄጄ ያን ሌሊት እንዴት እንደነዳሁ ተረክሁለት፤ ጅብም ጨመርኩበት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አደረስኳት፣ ስምንት ሳይሞላ ልጁ አለቀሰ አልኩት። ሰውዬው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። በእነሱ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ካለፈ ቀኑ ተለውጧል። ልጁ የቅዳሜ ነው፣ ኮፊ ሳይሆን ኳሜ።

ጽጌሬዳ ልጁን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው።

«ተወው፣ አትንገራት። ሰዓቱን የምናውቀው እኛ ነን። ሁለት ዓመት ጠብቄ ነው ልጄ ያለችኝ።»

ኮጆ ቀስ ብሎ ነው የመለሰላት። እነሱ ዘንድ በስምንተኛው ቀን ሕፃኑን አቅፈው ምላሱ ላይ ውሃ ጠብ ያደርጋሉ፣ ውሃ ስትል ውሃ ይሁን ይሉታል። ቀጥሎ አረቄ፣ አረቄ ስትል አረቄ ይሁን። አድጎ እውነት እንዲናገር ነው። «ያንን ብዬው በሐሰት ስም ልጥራው?» አላት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ሳይነጋ ቅዳሜ ከየት መጣ፣ በእኛ አገር ሌሊቱ የአርብ ነው አልኳቸው። ኮጆ ይህንን እናቴ ትፈርድበታለች አለ።

ሐሙስ አራሷ ጋቢ ተከናንባ፣ ጎረቤቶቿ እየተቆጧት፣ ጋሪዬ ላይ ወጣች። እኔው ልንገራት ብላ ነው። ስልክ ቤቱ ስንደርስ ቁጥሩን ራሷ መታች። ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱልን፤ ኮጆ በመሃል ያስተረጉማል።

«እማማ፣ ተሳስተን ነግረንዎታል» አለች፤ ሰዓቱን ሳትደብቅ ተናገረች። ከዚያ ያ የድሮው ትንፋሽ ብቻ።

«እዚያ አገር ቀን መቼ ነው የሚጀምረው?» አለች አሮጊቷ።

«ሲነጋ ነው፣ እማማ። ሰዓትም የምንቆጥረው ከንጋት ነው።»

«ሲወለድ ነግቶ ነበር?»

«አልነጋም።»

«ነፍሱ የመጣችው እናንተ አገር ነው፣ ቀኗም በዚያ አገር ይቆጠራል። ኮፊ ነው። ኳሜም ቢሆን ኖሮ ልጄ ያልኩሽን አልመልስም ነበር።»

እኔ ያልኩትን እኮ ነው ያለችው! ጽጌሬዳ ግን አልሰማችኝም፣ እያለቀሰች ትስቃለች።

በማግስቱ አርብ ስሙ ወጣለት። ልጁ በውሃው አፉን ከፈተ፣ በአረቄው ፊቱን አጨማደደ። ጽጌሬዳ አርባ ቀን ቆጥራ ክርስትና አስነሳችው፣ ሥራዋም ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ አማቷ ጋ ትደውላለች፤ ኮጆ ወረፋው እስኪደርሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ልጁን ያጫውታል።