ድምፅ የሌለው ቪዲዮ

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በንዴት ጥርሱን ያፋጫል። ከሸሚዙ ኪስ ካቻቢቴ ብቅ ብሏል፤ አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ስልኩ ላይ ሁለት እጆች ከቆርቆሮ ትንሽ ባቡር ይሠራሉ። "ውድ ተከታታዮቼ፣ ይህቺን የሠራኋት እኔ ነኝ!" ይላል አንድ ቀብራራ ድምፅ። ቪዲዮው ላይ ባቡሯን የሚሠራው እጅ አውራ ጣት ላይ ግን ያው ጠባሳ አለ።

"እ... እጁ የኔ ነው!" አለኝ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቅኖ። "ቪ... ቪዲዮዬን ሰርቆ ድምፁን ለጠፈበት!"

"አንተስ ወንድሜ፣ ስትለቀው ለምን አልተናገርክበትም?" አልኩት።

ደም በለበሰ ዓይን አፈጠጠብኝ። "ስ... ስናገር ሰው ይስቃል። እ... እጄ አይንተባተብም።"

ከኋላችን አንዱ ሳቀ። ሰውዬው ስልኩን ወደ ገዛ ፊቱ አዞረና መቅረጽ ጀመረ።

"ይ... ይ... ይሄ ሌባ..."

ሳቁም አብሮ ተቀረጸ። ሰውዬው ግን መናገሩን አላቆመም።