ሪባን የታሰረበት የእግር መንገድ

የፋሲሎ ሰፈሩ ገድሉ የፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜን በወሬ ሲገድሏት እሱ አካፋ ተሸክሞ ሐይቁን በጀልባ አቋርጦ ዘጌ ይሻገራል። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፤ ያለው ጀርባው ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ሰደርያ ብቻ ነው።

ነገሩን ያመጡት ዘጌ የሚኖሩት አማቱ እማሆይ ባንቺአየሁ ናቸው። አምና ክረምት ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጭቃው ጥሏቸው ጉልበታቸው ተጎዳ። «ለፍልሰታ በድንጋይ ላይ ነው የሚሄዱት» ብሎ ቃል ገባላቸው። እውነትም ከጓደኞቹ ጋር ቦይ ቀድዶ፣ ድንጋይ አንጥፎ፣ ሰኔ ሳይገባ ጨረሰ።

ወሬው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን መንገድ ስለተሠራ ብቻ ይረገጣል እንዴ? ሳይመረቅ? ገድሉ በመግቢያው ቀይ ሪባን ወጠረና ለጥበቃ ተረኛ መደበ። ሪባኑን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ ግን ዛሬ ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ሥልጠና፣ ከነገ ወዲያ የሥልጠናው ግምገማ።

ፍልሰታ ገባ። እማሆይ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡ። ተረኛው ራሱ ገድሉ ነበር።

«ምንድን ነው ይኸ ጨርቅ?»

«ሪባን ነው፣ እማሆይ። እንግዳው ሳይቆርጡት አይታለፍም።»

«ለማን ሠራሁት ብለኸኝ ነበር?»

«ለእርስዎ ነዋ!»

«እንግዲያ መቀሱን አምጣ።»

«ኧረ እማሆይ! እርስዎ በመርሐ ግብሩ ላይ ተጠቃሚ ነዎት። ምስጋና ያቀርባሉ።»

«ሳልጠቀም?»

«ከተመረቀ በኋላ ይጠቀማሉ።»

እማሆይ አማተቡና ከመንገዱ ዳር ወዳለው የቡና ተክል ውስጥ ታጠፉ። ቀዳሹም፣ አስቀዳሹም፣ እንጨት ተሸካሚውም ተከተላቸው። ክረምቱ ሲወጣ በቡናው መሀል መንገድ ወጥቶ፣ የገድሉን ድንጋይ ሣር ውጦት ነበር።

በጥቅምት የክብር እንግዳው ከጀልባ ወረዱ። ሣሩን አዩ፤ የሚያብለጨልጭ ጫማቸውንም አዩ። «ይኼማ ጫካ ነው። መንገዱ ያ ነው!» አሉ፣ ወደ ቡናው እየጠቆሙ።

ገድሉም ሪባኑን በገዛ እጁ ፈትቶ እዚያ አሰረው። ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ተጠቃሚዋ ተጠሩ።

«ማን ሠራልዎት፣ እናቴ?» አሉ እንግዳው።

«ገድሉ» አሉ እማሆይ፤ «በእኛ እግር።»

እንግዳው ይህን የእማሆይን አባባል በሰፊው ሲተነትኑ እማሆይ ወደ ድንጋዩ መንገድ ተመለሱ። ገድሉ ሮጦ ደረሰባቸው።

«ይኸኛውስ መቼ ይመረቃል?» አሉት።

«ይኸኛውማ ቀረ። ይለፉ፣ እማሆይ።»

በመቋሚያቸው ሣሩን ነካ ነካ አደረጉት። «ያንሸራትታል። በል ንቀልልኝ» ብለው ጉቶ ላይ ተቀመጡ።

እንግዳው በጀልባ ሲመለሱ ለሸኚው ሕዝብ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። ገድሉ ሰደርያውን እንደ ለበሰ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሣር ይነቅላል።