የሲኞር ካርሎ ክፍት መኪናና የእኔ ሰይቸንቶ

ሐይቅ ከተማን ለቀን የወጣነው መግሪብ ተሰግዶ፣ ገና ድንግዝግዝ ሳለ ነው። ቀበሌው ወጣቱን ለውትድርና እያፈሰ ስለነበር እናቴ በጓሮ በር አስወጣችኝ። ባለቤቴ ዘምዘም ገና ሙሽራ ናት፤ "ወላሂ ጥለኸኝ አትሄድም!" ብላ ተከተለችኝ። በባቲ አድርገን፣ ከግመል ነጋዴዎች ጋር በረሃውን አቋርጠን ጅቡቲ፣ ከዚያም በዕቃ መርከብ ናፖሊ ገባን።

የኢጣሊያው ሹም "የት ተወለድክ?" አለኝ።

"ሐይቅ።"

አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ፈታለት። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "ውሃ ውስጥ? ዓሣ ነህ እንዴ?"

"ከተማ ነው፣ ጌታዬ።"

"ከተማው ነዋ ውሃ ውስጥ ያለው?"

በመጨረሻ "አፍሪካ" ብሎ ገላገለኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ አገር ዓሣው ሞልቷል፤ ግን የእኛን ቆሮሶ አያክልም። ዝናቡም እንደ አምባሰል ክረምት አያጓራም፤ ዝም ብሎ ሲያለቅስ ይውላል።

ጋራዥ ተቀጠርኩና ሰው የጣላትን አሮጌ ሰይቸንቶ ጠግኜ አስነሣሁ፤ ያቺን ደሴ ላይ የምናውቃትን ድንክ መኪና። አከራያችን ሲኞር ካርሎ ደግሞ ጣራዋ በአዝራር የሚገለጥ፣ ወንበሯ ቆዳ የሆነ ቀይ አዲስ መኪና ገዛ።

"ይህን ቆርቆሮ ከግቢዬ አውጣ! አለዚያ አንተም ትወጣለህ" አለኝ።

"ሲኞር፣ የእኔዋ ጣራ አላት። እርስዎ ዝናብ ሲመጣ ምን ሊሆኑ ነው?"

"ሀብታም ሲዘንብ አይወጣም!"

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዘምዘምን ምጥ ያዛት። ሲኞር ካርሎ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቁልፉን ይዞ እየሮጠ መጣ። "በእኔ ትሂድ! ምጥ የያዛት ሴት በቆርቆሮ አትጫንም!" አለ።

ዋናውን መንገድ የጭነት መኪና ስለዘጋው በዓሣ ተራው ጠባብ መንገድ ገባን። መታጠፊያው ላይ ያቺ ሰፊ መኪና በግራና ቀኝ ግድግዳ መካከል ተሰነቀረች። ወደፊትም ወደኋላም የለም፤ በሩም አይከፈትም።

"ያ አላህ! እዚሁ ልወልድ ነው!" ብላ ጮኸች ዘምዘም።

ጣራዋ ክፍት መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን። ዓሣ ሻጮቹ ዘምዘምን በላይ በኩል አንሥተው አወጧት። እኔም ዘልዬ ወጣሁና ቤታችን ቅርብ ስለነበር ሮጬ ሰይቸንቶዬን አስነሣሁ፤ በማዶው በኩል ዞሬ ደርሼ ዘምዘምን ጫንኳት። ሻጮቹ ቅርጫታቸውን እየሳቡ አሳለፉን።

"ቀስ ልበል እንዴ?" አልኳት።

"ንዳው! ምን ትጠይቀኛለህ፣ ንዳው!"

ያቺ ድንክ ሞተር እንደዚያን ቀን ጮኻ አታውቅም። ዙሁር ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለድን። ስንመለስ የዓሣ ተራው ሰው ሁሉ በጭብጨባ ተቀበለን፤ እኔም የመኪናዬን ጥሩንባ እስኪበቃኝ ነፋሁት። ሲኞር ካርሎ የተፋቀ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ጠበቀኝ።

"ቆርቆሮዋ ከእንግዲህ ጥላው ሥር ትቁም" አለኝ።

መልእክት ልኬ እናቴ ደሴ ቴሌ እንድትመጣ አድርጌ፣ በሲኞር ካርሎ ስልክ ደወልኩ።

"ማንን መሰለች?"

"አንቺን፣ እማ።"

"እስቲ ድምጿን አሰማኝ።"

ልጅቷ ተኝታለች። ስልኩን አፏ አጠገብ ያዝኩት።

"ትንፋሿን ሰማሁት" አለች እናቴ። "መቼ ነው የምታመጣልኝ?"

"ኢንሻአላህ" አልኳት።