ጓሮዬ ውስጥ ያደለብኩት ጦስኝ

ደባርቅ ላይ ቅመም ስነግድ ብዙ ዓመቴ ነው። ኮረሪማ በጣቴ ነክቼ የየት አገር እንደሆነ እናገራለሁ። ይህን ያህል አዋቂ ባልሆን ኖሮ በጦስኝ ባልተዋረድኩ ነበር።

ጦስኙን ከአምባራስ በበቅሎ ጭነው የሚያመጡልኝ አንዲት እናት ነበሩ። ሊማሊሞን ወጥተው የሚመጡ ሾፌሮች የሚጠጡት ሻይ የሚሸተው በእሳቸው ጦስኝ ነው፤ ሻይ ቤቶቹም ወደ እኔ ሱቅ የሚመጡት ለእሱ ብለው ነው። እኔ ግን ድንጋይ ላይ ተለጥፎ በግ የሚረግጠው ነገር ጓሮዬ የማይበቅልበት ምክንያት አልታየኝም። አንድ ቅዳሜ፣

“ከእንግዲህ አይልፉ እማማ፤ ራሴ ላበቅል ነው” አልኳቸው።

“ይቅናህ ልጄ” አሉኝ። በሳምንቱ ከነሥሩ የተነቀለ አንድ እቅፍ ለተከላ አመጡልኝ። የዋህ ናቸው ብዬ አዘንኩላቸው።

የሚስቴን የጎመን መደብ ነቀልኩ። ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅሜ አጥሩ ሥር ካብ ካብኩበት። ጦስኙን ተክዬ ፍግ አለበስኩት፤ ጠዋት ማታ ውኃ አጠጣሁት፤ ውርጭ ሲመጣ ጆንያ ደረብኩለት። ሚስቴ “ልጆችህን እንዲህ አላሳደግህም” አለች። እውነቷን ነው።

ጦስኙ ወፈረ፣ ለመለመ። አጨድኩ፣ አደረቅኩና ሱቄ ፊት ለፊት ደረደርኩት። ሻይ ቤት ያላት የድሮ ደንበኛዬ ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አሸችና አሸተተች። ደገመች።

“ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ።” አብራት ለመጣችው ጓደኛዋ ሰጠቻት። ጓደኛዋ ጉንፋን አልያዛትም።

“ይሄማ ገለባ ነው!”

ተያይዘው ማዶ ወዳለው ሱቅ ተሻገሩ። እዚያ በር ላይ አንዲት የማውቃት በቅሎ ታስራ ቆማለች።

በሳምንቱ ሻይ ቤቶቹ ሁሉ ተከትለዋት ተሻገሩ። ኩራቴን ውጬ እኔም ተሻገርኩና እማማን ጓሮዬን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። መጥተው ጎንበስ ብለው ዳሰሱት።

“በሬ ነው እንዴ የምታደልበው? ጦስኝ ካልተቸገረ አይሸትም። ድንጋዩን የት አደረስኸው?”

ካቡን አሳየኋቸው። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ “አሳምሮ ነው እኮ የካበው፣ እናቴ” አለች።

“አፍርሰህ መልሰው። ውኃውን ተው። ስትወጣ ስትገባም እርገጠው።”

“ወደ እኔ ሱቅስ ይመለሳሉ፣ እማማ?”

ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ለማዶው ሰውዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ እሱ ‘ይብቃዎ’ ካላለኝ አልተወውም። ግን እሱም ጓሮ አለው። ማብቀል እስኪያምረው ታገስ።”

ድንጋዩን መለስኩ። በግ ስለሌለኝ በየጠዋቱ መደቡ ላይ የምመላለሰው ራሴ ነኝ፤ ጎረቤት በአጥር ያየኛል። ጦስኙ አሁን አሁን ትንሽ መሽተት ጀምሯል፤ ለአንድ ስኒ ይበቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወደ ማዶው ሰውዬ ብቅ እያልኩ “ጓሮህ እኮ ለም ነው” እለዋለሁ። እስካሁን ጎመን ነው የሚተክለው።