ፈንዲሻ የቀረበበት ብርቱካናማ ሸክላ

ዛሬ ቤት ስገባ እማዬ ለጎረቤቶቿ ፈንዲሻ በብርቱካናማው የሙዚቃ ሸክላዬ ላይ አቅርባ አገኘኋት!

ገና የወጣ አልበም ነው፤ በዚህ ቀለም የታተመው ጥቂት ብቻ። ጠዋት ቦሌ ኤርፖርት ሄጄ፣ ከጓደኛዬ ሻንጣ ተቀብዬ ከነላስቲኩ እንደ ሕፃን አቅፌ ነው ያመጣሁት። (ማጫወቻ የለኝም፤ እሱን አሁን አታንሱብኝ።)

«እማ! ቡፌው ሙሉ ሳህን እያለ?»

«እሱማ የእንግዳ ነው።»

«እነዚህስ?»

«ጎረቤት እንግዳ ነው እንዴ?»

ጎረቤቶቹም «እውነቷን ነው» ብለው ፈንዲሻቸውን ቀጠሉ።

«ደግሞ እነዚህን ነገሮች ስትሰማ አንድ ቀን አይቼህ አላውቅም» አለች እማዬ።

«ላስቲካቸው አይቀደድማ! ለማስቀመጥ ነው!»

እማዬ የቀረውን ፈንዲሻ ለጎረቤቶቹ በእፍኝ አደለች። ሸክላውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ከሰርጓ ጀምሮ ማንም ካልጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጎን አቆመችው፣ ቡፌውን ቆለፈች፣ ቁልፉን ጉያዋ ከተተች።

«የኔ ልጅ መሆንህን ዛሬ አመንኩ» አለችኝ።

እናንተስ? እናታችሁ ቡፌ ውስጥ ምን ታስሮባችኋል?